300 ኮምፒውተር፣ አንድ ሌሊት

ባኩላ የተባለው የባክአፕ ሶፍትዌር ሲጫን አብሮት በሚመጣው የናሙና ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አንድ የሰዓት ሰሌዳ አለ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሙሉ ባክአፕ ይወሰድ፣ በቀሩት እሑዶች ከሙሉው ወዲህ የተለወጠው ሁሉ ይወሰድ (ዲፈረንሻል)፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ካለፈው ባክአፕ ወዲህ የተለወጠው ብቻ ይወሰድ (ኢንክሪመንታል) ይላል። ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ 23፡05፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ5። ለአምስት ኮምፒውተር ይህ ሰሌዳ ምንም እንከን አይወጣለትም። ጣጣው የሚመጣው ኮምፒውተሮቹ 50፣ ቀጥሎ 150፣ ቀጥሎ 300 ሲሆኑ ያንኑ መስመር እየገለበጡ መለጠፉ ሲቀጥል ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ማታ 300 ኮምፒውተር በአንዲት ደቂቃ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ አንድ በር ላይ ይቆማል። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ግማሹ ገና ተራ ይጠብቃል፣ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አለቃም «ሰርቨሩ አቅም አንሶታል፤ ትልቅ ይገዛ» ይላሉ። የአለቃው ሐሳብ አንድ ቀን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ግን ገና ነው። ብዙ ክላየንት (ባክአፕ የሚደረግለት ኮምፒውተር) መሸከም ከማሽን ጉልበት በፊት የሥራ ክፍፍል ጉዳይ ነው። ማን መቼ ምን ያህል እንደሚልክ፣ የትኛው ሥራ በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚያርፍ ሳይወሰን የሚገዛ ሰርቨር መጨናነቁን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ከማዛወር ያለፈ ነገር አያደርግም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይውሰዷቸው፤ ግዢው መጨረሻ ላይ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ባኩላን ለምሳሌነት የመረጥኩት በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከርን ሲባልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀምረው በ2002 ለሕዝብ ሲለቁት ሥራውን ከመነሻው ከፋፍለው ነው የሠሩት። ዳይሬክተር የተባለው ክፍል አዛዥ ነው፤ ሰሌዳውን ይይዛል፣ ማን ይጀምር ማን ይቆይ ይላል። ፋይል ዴመን በየክላየንቱ ላይ ተቀምጦ ፋይል ያነባል። ስቶሬጅ ዴመን የመጣለትን ተቀብሎ ዲስክ ወይም ቴፕ ላይ ይጽፋል። ካታሎግ ደግሞ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግብ ዳታቤዝ ነው። ሦስቱ ዴመኖች በ9101፣ በ9102 እና በ9103 ፖርቶች ይነጋገራሉ፤ መረጃው ራሱ ግን በዳይሬክተሩ በኩል አያልፍም፣ ከክላየንቱ ቀጥታ ወደ ስቶሬጅ ዴመን ይሄዳል። ይህን አንድ ነገር ይያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ቅርንጫፍ ቢሮዎች ስናወራ ሙሉ መፍትሔው የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው። ከባኩላ የተገነጠለውን ባሬኦስን የሚጠቀሙ ሰዎች ስሞቹን ሳይቀይሩ መከተል ይችላሉ። የባክአፕፒሲ ተጠቃሚዎች ትእዛዞቹ ቢለዩባቸውም ስሌቱ ያው ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ መለካት ነው። በድርጅቱ ካሉት ኮምፒውተሮች አሥሩን ይምረጡ፤ ከሒሳብ ክፍል፣ ከጸሐፊዎች፣ ከኢንጂነሮች፣ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮም ጭምር። የባኩላ ትእዛዝ መስጫ በሆነው በቢኮንሶል ውስጥ ኤስቲሜት የሚባለውን ትእዛዝ ቢያስኬዱ አንድም ባይት ሳይገለበጥ በሙሉው ስንት ፋይልና ስንት ባይት፣ በኢንክሪመንታሉ ስንት እንደሚወጣ ይነግርዎታል። እንበል አማካዩ በአንድ ኮምፒውተር 40 ጊጋባይት፣ የዕለት ለውጡ 1 ጊጋባይት፣ የፋይሎቹ ቁጥር 200,000 ሆኖ ተገኘ። 300 ሲባዛ በ40፣ 12 ቴራባይት ነው። የአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ ስለዚህ 12 ቴራባይቱ ያለ አንዳች እንቅፋት ቢፈስ እንኳ 30 ሰዓት ይፈጃል። የሌሊቱ ርዝመት ግን 8 ሰዓት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ሰርቨሩ ጉልበት መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ በዚያ መስመር ላይ የትኛውም ሰርቨር ቢቀመጥ 30ው ሰዓት 8 አይሆንም። በአንጻሩ የዕለቱ ለውጥ ብቻ 300 ጊጋባይት ነው፣ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ማለትም በዓመቱ አብዛኛው ሌሊት ሰርቨሩ ሥራ ፈት ነው፤ በወር አንድ ሌሊት ብቻ ይሰበራል። ይህ ልኬት ባይኖር ኖሮ የምናየው ያችን አንዲት ሌሊት ብቻ ነበር።

ስሌቱ እጅዎ ላይ እያለ ያቺን 1 ጊጋባይት ፈታ አድርገው ይመልከቷት። ኢንክሪመንታል ባክአፕ የሚያየው ፋይልን እንጂ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ለውጥ አይደለም። አውትሉክ ኢሜይሉን ፒኤስቲ በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል የሚያጠራቅም ከሆነ፣ ሠራተኛው ጠዋት ከፍቶ አንዲት መልእክት ሲያነብ 5 ጊጋባይቱ ፋይል በሙሉ «ተለውጧል» ተብሎ ማታ ይጓዛል። እንዲህ ዓይነት ፋይል ያላቸው 60 ሰዎች ካሉ፣ የ300 ኮምፒውተር የዕለት ለውጥ ያልነው 300 ጊጋባይት ከእነዚያ ከ60ዎቹ ብቻ መጣ ማለት ነው። ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ቢደረግ፣ ወይም የቆየው ደብዳቤ በማይነካ ሌላ ማኅደር ቢለይ፣ ሸክሙ ያለ ምንም ግዢ ይወድቃል። ከዚያ ቀጥሎ የማይወሰደውን ይለዩ። የዊንዶውስ ፎልደር፣ የተጫኑ ፕሮግራሞች፣ የብራውዘር ካሽ፣ ሪሳይክል ቢን፣ የወረዱ ፊልሞች (ይኖራሉ፣ አንካካድ) ባክአፕ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ዊንዶውስ ከተዘጋጀ ኢሜጅ ይጫናል፤ የማይተካው የሰው ሥራ ነው። በዚህ ማጣሪያ ግን እጅዎ እንዳይበዛ። የፒችትሪ ሒሳብ በአንዲት ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራበት ቢሮ ብዙ ነው፤ የድርጅቱን ፎልደር ሰው ባሰበው ቦታ ሳይሆን ሲ ድራይቭ ላይ አንድ ጥግ ውስጥ ያገኙታል። ስለዚህ የማግለያ ዝርዝሩን ከመዝጋትዎ በፊት የኤስቲሜትን ዝርዝር ውጤት ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር አብረው ተቀምጠው ያንብቡት።

እዚህ ላይ «ሠራተኛው ሁሉ ፋይሉን የጋራ ፎልደር ላይ ያስቀምጥ፣ እኛም አንዱን የፋይል ሰርቨር ብቻ ባክአፕ እናድርግ፤ 300 ክላየንት ምን ያደርጋል?» የሚል ይነሳል። ቁም ነገር ያለው ሐሳብ ነው፣ በተቻለ መጠንም ይደረግ፤ ያልተጫነ ክላየንት አይጨናነቅም። ነገር ግን ሰው የሚያስቀምጠው መመሪያው ያዘዘው ቦታ ሳይሆን እጁ የለመደው ቦታ ላይ ነው፣ እሱም ዴስክቶፑ ነው። ላፕቶፕ ይዞ መስክ የሚወጣ ባለሙያ ደግሞ የጋራ ፎልደሩን ለሳምንት አያየውም። ስለዚህ የጋራ ፎልደር የክላየንቶቹን ሸክም ያቀላል እንጂ ክላየንቶቹን አያስቀርም።

ሁለተኛው እርምጃ ሙሉ ባክአፖቹን በወሩ ሌሊቶች ላይ መበተን ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ወስደው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ። 300ን ለ28 ሌሊት ቢያካፍሉ በሌሊት 11 ኮምፒውተር ያህል ይደርሳል። የ11ዱ ሙሉ ባክአፕ 440 ጊጋባይት ነው፤ የዕለቱን 300 ጊጋባይት ሲጨምሩበት 740 ይሆናል፣ በዚያው መስመር ላይ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ኔትወርኩ ከተባለው ግማሹን ብቻ ቢያሳልፍ እንኳ በአራት ሰዓት ያልቃል። ያው ሰርቨር፣ ያው ኬብል፣ ያው 300 ኮምፒውተር ነው። ለዚህ 28 የተለያዩ ሰሌዳዎች መጻፍ አያስፈልግም። በሰሌዳው ላይ በየሌሊቱ ኢንክሪመንታል ብቻ ይጻፉ፤ ጆብ በሚባለው የየክላየንቱ የባክአፕ ሥራ ላይ ደግሞ ማክስ ፉል ኢንተርቫል የሚለውን 28 ቀን ያድርጉት። ባኩላ የእያንዳንዱን ክላየንት የመጨረሻ ሙሉ ባክአፕ ያያል፤ 28 ቀን ካለፈው የዚያን ሌሊቱን ኢንክሪመንታል ራሱ ወደ ሙሉ ያሳድገዋል። ክላየንቶቹ በተለያየ ቀን ከጀመሩ በተለያየ ቀን እየዞሩ ይቀጥላሉ፣ ሰው አይነካካቸውም።

የዚህ አሠራር ተቃዋሚዎች ሰንሰለቱ ይረዝማል ይላሉ፤ በ27ኛው ቀን ዲስኩ የተቃጠለ ሰው ሙሉውንና ሃያ ስድስት ኢንክሪመንታል ደርቦ ማስመለስ አለበት፣ ከመካከል አንዱ ቢበላሽስ? እውነት ነው። መልሱ ግን ወደ አንዱ እሑድ መመለስ አይደለም። ማክስ ዲፍ ኢንተርቫልን 7 ቀን ቢያደርጉት በየሳምንቱ አንድ ዲፈረንሻል ይገባና ሰንሰለቱ ወደ አንድ ሙሉ፣ አንድ ዲፈረንሻልና ቢበዛ ስድስት ኢንክሪመንታል ይወርዳል። ዲፈረንሻሉም እንደ ሙሉው በየክላየንቱ ቀን ተበትኖ ይመጣል። ዋጋው ተጨማሪ ቦታና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሊከፈል የሚገባው ዋጋ ነው።

ይህ የተበተነ ሰሌዳ ግን በሁለት ስሕተት በአንድ ሌሊት ሊፈርስ ይችላል፤ ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ትጋት ይመስላሉ። የመጀመሪያው አዲስ ክላየንቶችን በጅምላ መመዝገብ ነው። ባኩላ የቀደመ ሙሉ ባክአፕ ያላገኘበትን ክላየንት ማንም ሳይጠይቀው ወደ ሙሉ ያሳድጋል። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለው 100 ኮምፒውተር ላይ ፋይል ዴመን ጭነው ቢመዘግቡ፣ ያን ማታ 100 ሙሉ ባክአፕ ይነሳል፤ ከዚህም የከፋው በ28ኛው ቀን እንደገና መቶውም አብረው መነሳታቸው ነው። ሶፍትዌሩን በጅምላ ይጫኑ፣ ዳይሬክተሩ ላይ ግን በቀን ከ11 በላይ አይመዝግቡ። ሁለተኛው የፋይልሴት፣ ማለትም ምን ይወሰድ ምን ይቅር የሚለው ዝርዝር፣ ለውጥ ነው። 300ው ጆብ አንድ ፋይልሴት የሚጋሩ ከሆነና እርስዎ ከሰዓት በኋላ አንዲት የማግለያ መስመር ቢጨምሩበት፣ ባኩላ «የሚወሰደው ነገር ተለውጧል» ብሎ የሌሊቱን 300 ኢንክሪመንታል በሙሉ ወደ ሙሉ ባክአፕ ይቀይራል። አንዲት የካሽ ፎልደር ለማስቀረት የተጻፈች መስመር 12 ቴራባይት ትጠራለች። ኢግኖር ፋይልሴት ቼንጅስ የሚለውን «የስ» ቢያደርጉት ይህ ይቀራል፤ ግን አዲስ የሚወሰድ ፎልደር በጨመሩ ጊዜ ነባር ፋይሎቹ ተራው ሙሉ ባክአፕ እስኪደርስ ሳይወሰዱ ሊቆዩ እንደሚችሉ ይወቁ። እኔ የምመርጠው ፋይልሴቱን በክፍል በክፍል አራት አምስት ቦታ ከፍሎ መያዝና ለውጡንም በተለያየ ቀን ማስገባት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ስንቱ አብረው ይሂዱ የሚለውን መወሰን ነው። በዓል ሲቃረብ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ያስቡ። ሞተሩ ኩንታሉን በአፍታ የሚፈጭ ቢሆንም እህሉን የሚጨምርለት አንድ ልጅ በጣሳ እየሰፈረ ከሆነ ወፍጮው ባዶውን ይዞራል፤ ውጭ ያለው ሰልፍ ግን «ወፍጮው ደከመ» እያለ ያማል። የ100 ሜጋቢት ካርድ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት በላይ አይልክም። አንድ በአንድ የሚሄድ ከሆነ ጊጋቢቱ ሰርቨር ከአሥር እጅ ዘጠኙ ሥራ ፈት ሆኖ ያድራል። አሥሩ አብረው ሲልኩ መስመሩ ይሞላል። ስለዚህ ማክሲመም ኮንከረንት ጆብስን በ10 ይጀምሩ፣ ጠቅላላ ፍጥነቱን እያዩ በአምስት አምስት ይጨምሩ፤ ጠቅላላው ማደጉን ያቆመበት ቁጥር የእርስዎ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ መጨመር እያንዳንዱን ያዘገያል እንጂ ሌሊቱን አያሳጥርም። ብዙ ሰው የሚሰናከልባት አንዲት ነገር አለች። ይህ ትእዛዝ በአንድ ቦታ አይደለም የሚጻፈው። በዳይሬክተሩ፣ በጆቡ፣ በክላየንቱ፣ በስቶሬጁ፣ እንደገናም በስቶሬጅ ዴመኑ በራሱ ፋይል ውስጥ አለ፤ የሚገዛው ደግሞ ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ነው። ዳይሬክተሩ ላይ 20 ጽፈው በዳይሬክተሩ ፋይል ውስጥ ያለውን የስቶሬጅ ክፍል ሳይነኩ ቢተዉት፣ እዚያ ሳይጻፍ የሚያዘው ቁጥር 1 ስለሆነ፣ 19ኙ ጆብ «ስቶሬጅ እየጠበቀ ነው» እንደተባለ ያነጋል። ለጭመቃም እንዲሁ ክፍፍሉን ያስቡ፤ በባኩላ ፋይሉን የሚጨምቀው ክላየንቱ ስለሆነ የ300 ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ለእርስዎ ይሠራል፣ በኔትወርኩ የሚያልፈውም ያነሰ ይሆናል።

አብረው የሚሄዱ ጆቦች አንድ የዲስክ ቮልዩም (ባክአፑ የሚጠራቀምበት ፋይል) ላይ ሲጽፉ መረጃቸው ይሰባጠራል፤ የአንዱ ቁራጭ፣ የሌላው ቁራጭ፣ ደግሞ የአንዱ። ባክአፑ ፈጠነ ብለው ሲደሰቱ ማስመለሱ ይዘገያል፣ የአንዲት ኮምፒውተር ፋይል ፍለጋ የአሥር ኮምፒውተር ክምር ያገላብጣልና። መድኃኒቱ በስቶሬጅ ዴመኑ ላይ አንድ ሳይሆን አሥር የዲስክ ዲቫይስ ማዘጋጀትና አንዱ ዲቫይስ በአንድ ጊዜ አንድ ጆብ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ለቮልዩሞቹም መጠንና ቁጥር ይወስኑላቸው፤ እያንዳንዱ 50 ጊጋባይት፣ ቮልዩሞቹ በሚመደቡበት ፑል ውስጥ ቢበዛ 200 ቢሉ ፑሉ ከ10 ቴራባይት አያልፍም። ወሰን ያልተሰጠው ፑል ዲስኩን እስከ አፉ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ሰው በሌለበት ነው።

አራተኛው ካታሎጉ ነው፤ 20 ክላየንት ያለው ሰው ስለ እሱ ሰምቶ አያውቅም፣ 300 ያለው ደግሞ ከእሱ ጋር ይጨቃጨቃል። በየጆቡ የተወሰደ እያንዳንዱ ፋይል በዳታቤዙ ውስጥ አንድ መስመር ነው። 300 ሲባዛ በ200,000፣ 60 ሚሊዮን መስመር፤ ያውም ለአንድ ዙር ሙሉ ባክአፕ ብቻ። ለመስመሩ 150 ባይት ብንይዝ 9 ጊጋባይት ነው፣ ኢንዴክሱንና የቀደመውን ዙር ሳንቆጥር። ኤስኪውላይት እዚህ ቦታ የለውም። ፖስትግሬስኪውኤል ይጠቀሙ፣ በኤስኤስዲ ላይ ያስቀምጡት፣ ባክአፑ ከሚጻፍበት ዲስክም ይለዩት። ሼርድ በፈርስ የሚባለው ሲጫን ይዞት የሚመጣው 128 ሜጋባይት ስለሆነ እንደ ሜሞሪዎ መጠን ያሳድጉት። ስፑል አትሪቢውትስን ያብሩ፤ ያኔ የፋይል ስሞቹ ጆቡ ሲያልቅ በአንድነት ይገባሉ እንጂ እየተጻፈ ያለውን መረጃ እያስቆሙ አይንጠባጠቡም። የፋይል ሪቴንሽንንም፣ ማለትም የፋይሎቹ መስመር ካታሎጉ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ያስቡበት። የፋይሎቹ መስመር ከካታሎጉ ሲጸዳ ጆቡን በሙሉ ማስመለስ ይቻላል፣ «ያችን አንድ ኤክሴል ብቻ» ማለት ግን ይቀራል። እንግዲህ የማጽጃውን ቀን የሚወስነው የዲስክ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ከስንት ጊዜ በኋላ ፋይል እንደሚጠይቁ ነው። ካታሎጉ ራሱም በየቀኑ ባክአፕ ይደረግ፣ የትኛው ባክአፕ በየትኛው ቮልዩም እንዳለ የሚይዘው ቡትስትራፕ ፋይሉም ከሰርቨሩ ውጭ በኢሜይል ይላክ፤ ሰርቨሩ ሲቃጠል ማውጫው አብሮ ከተቃጠለ ቮልዩሞቹን ከዳር እስከ ዳር እየቃኙ ካታሎጉን እንደገና መገንባት ግድ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ የቀናት ሥራ ነው።

አሁን ወደ አለቃው እንመለስ። «ይህን ሁሉ ከመጨነቅ 10 ጊጋቢት ካርድና ፈጣን ዲስክ ብንገዛስ?» ማነቆው በእርግጥ ኔትወርኩ ከሆነ ይጠቅማል። በፊት ግን የሌሊቱን አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ የሰርቨሩ ኔትወርክ ስንት ሄደ፣ ዲስኩ ስንት ጻፈ፣ ዳታቤዙ ስንት ጊዜ አስጠበቀ፣ ክላየንቶቹ በአማካይ ስንት ላኩ። መስመሩ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ብቻ እያሳለፈ ካደረ 10 ጊጋቢት ካርድ ያንኑ 30 ያሳልፋል። ዲስኩ ፈጥኖ ዳታቤዙ ያው ከሆነ ጆቦቹ መረጃውን ጨርሰው ስም ለማስመዝገብ ይሰለፋሉ። ማነቆ አንድ ቦታ ሲፈታ ቀጣዩ ይገለጣል፤ ገንዘብ የሚወጣው ግን በተለካው ላይ ነው። ሰሌዳው ከተበተነ፣ የማይወሰደው ከተለየና ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ሌሊቱ ካልበቃ፣ ያኔ አለቃው ትክክል ናቸው፣ እርስዎም የግዢ ጥያቄውን በቁጥር አስደግፈው ይጽፋሉ።

አምስተኛው የጠፉ ማሽኖች ጉዳይ ነው። የሌሊት ሰሌዳ ኮምፒውተሩ ሌሊት በርቶ እንደሚያድር ይገምታል። እኛ ዘንድ ሠራተኛው ሲወጣ ያጠፋል፣ ካላጠፋም መብራት ኃይል ሊያጠፋው ይችላል። ከ300ው 60ው ጠፍተው ባኩላ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ በሩን ቢያንኳኳ፣ 180 ደቂቃ የተራ ቦታ ለሌለ ሰው ተያዘ ማለት ነው። ሦስት ነገር ያድርጉ። ዌክ ኦን ላን የሚቀበሉትን ከጆቡ በፊት ይቀስቅሷቸው። የማይቀበሉትን ወደ ምሳ ሰዓት ያዛውሯቸው፤ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ጊጋቢቱ መስመር ወደ 400 ጊጋባይት ያሳልፋል፣ የዕለት ለውጡን በሙሉ ከነትርፉ። ሰው ምሳውን ትቶ እየሠራ ከሆነ እንዳይማረር የየጆቡን ባንድዊድዝ ይገድቡ። ላፕቶፖቹን ደግሞ ዳይሬክተሩ እያሳደደ ከሚፈልጋቸው ራሳቸው ሲገቡ እንዲያሳውቁ ማድረግ ይሻላል፤ ባሬኦስ ግንኙነቱን ክላየንቱ እንዲጀምር ይፈቅዳል። ሰርቨሩና ስዊቾቹ ዩፒኤስ ላይ መሆናቸውን ግን ከሁሉ በፊት ያረጋግጡ፤ በሰባተኛው ሰዓት የተቋረጠ ጆብ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

ቅርንጫፍ ቢሮ ያለው ሰው ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። በ4 ሜጋቢት መስመር የአንዲት ኮምፒውተር 40 ጊጋባይት 22 ሰዓት ይፈጃል፤ 15 ኮምፒውተር ያለው ቅርንጫፍ ሙሉ ባክአፑን በዋናው መሥሪያ ቤት ልጨርስ ካለ ሁለት ሳምንት መስመሩን መዝጋት አለበት። እዚህ ላይ ነው ከመነሻው ያልኳት ነገር የምትጠቅመው። መረጃው በዳይሬክተሩ በኩል ስለማያልፍ፣ ቅርንጫፉ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዲስክ ያለው አንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ስቶሬጅ ዴመን ይጫኑ። ዳይሬክተሩና ካታሎጉ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሁኑ። በቀጭኑ መስመር የሚጓዘው ትእዛዝና የፋይል ስም ብቻ ይሆናል፤ ባይቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይቀራል። ሕንፃው ቢቃጠልስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዚህም የሒሳቡንና የማይተካውን ጥቂት ነገር ብቻ መርጦ በኮፒ ጆብ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ማሻገር፣ የቀረውን በወር አንድ ጊዜ በሚመላለስ ዲስክ መላክ ይቻላል። በመኪና የሚጓዝ ዲስክ ከ4 ሜጋቢት መስመር ይፈጥናል፤ ሲሰሙት የሚያስቅ ሐሳብ ቢሆንም አስልተው ይድረሱበት።

ማዋቀሪያውን በእጅ መጻፍ ከ30 ክላየንት በኋላ ያቁሙ። የጋራው ነገር በጆብዴፍስ ይቀመጥ፣ የክላየንቱ ስም፣ አድራሻና የራሱ የይለፍ ቃል ብቻ በአንድ ሰንጠረዥ ይያዝና ትንሽ ስክሪፕት ለየክላየንቱ አንድ ፋይል ያምርት። ሪሎድ የሚለው ትእዛዝ ዳይሬክተሩን ሳያስቆሙ አዲሱን ያስነብባል። ለ300 ክላየንት አንድ የይለፍ ቃል መስጠት ይቀላል፣ ግን አንዲት የተሰረቀች ላፕቶፕ የሁሉንም በር ትከፍታለች።

የመጨረሻው እርምጃ ክትትል ነው፤ እዚህም ቁጥሩ ሲበዛ የለመዱት መንገድ ይከዳል። ለአምስት ክላየንት በየጠዋቱ አምስት ኢሜይል ማንበብ ይቻላል፤ 300 ኢሜይል ግን ማንም አያነብም፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም በቀጥታ ወደማይከፈት ፎልደር ይሄዳል። ከዚህ ይልቅ የስኬቱን ዝምታ፣ የጉድለቱን ዝርዝር ይጠይቁ። ጆብ የሚባለውን የካታሎግ ሰንጠረዥ «ባለፉት 7 ቀናት አንድም የተሳካ ባክአፕ የሌለው ክላየንት ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ መጠይቅ በየጠዋቱ አንድ ገጽ ያውጣ። ግን ካታሎጉ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ትናንት ተገዝታ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ኮምፒውተር በዚያ ገጽ ላይ አትወጣም። ስለዚህ ዝርዝሩን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ወይም ከዲኤችሲፒ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ፤ እዚያ ያለ፣ እዚህ የሌለ ስም ባክአፕ የሌለው ስም ነው።

ዝምታን እንደ ስኬት መቁጠር የት እንደሚያደርስ የሶፍትዌር ኩባንያው ጊትላብ ራሱ በይፋ ተናግሮታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር በተሳሳተው ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠ፤ ከ300 ጊጋባይት ያህል የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነበር። የዕለት ባክአፑ ሲፈለግ አልተገኘም፤ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም 9.2፣ ዳታቤዙ 9.6 ስለነበረ ሲከሽፍ ቆይቷል። የመክሸፉ ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ደግሞ በላኪ ማረጋገጫ ጉድለት ተመላሽ እየሆነ ማንም ጋ አልደረሰም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነበር፤ የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ቀረ። ብቃት ያለው ቡድን ነው፣ ከአንድ በላይ የባክአፕ ዘዴም ነበረው። የጎደለው አንዱንም አስመልሶ የሚያይ ሰው ነበር። እርስዎ በሳምንት ስድስት ክላየንት በዕጣ ቢያወጡና ከእያንዳንዱ አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አስመልሰው ቢከፍቱት፣ 300ው በ50 ሳምንት ይዳረሳል። ሲያስመልሱ የፈጀውን ደቂቃ ከክላየንቱ ስም ጎን ይጻፉ። በዚያ ዓምድ ያለው ደቂቃ በየወሩ እያደገ ከሄደ አለቃው የጠየቁትን ትልቅ ሰርቨር የሚገዙበት ቀን ደርሷል፤ ወረቀቱን ከጥያቄው ጋር አያይዘው ያቅርቡላቸው።